ሦስት ቀዝፎ ማረፍ

ወንድሜ ሙዓዝ ባሕር ኃይል እገባለሁ ያለ ዕለት ከሰው ሁሉ አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ውሃው ዳር ዓሣ እየበለትኩ ነበርና ቢላዬን አስቀምጬ ሳቅኩ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አልኩት። «አገሩ ባሕር የለው፤ መርከቡን በባጃጅ ልትጎትተው ነው?»

«እንደገና ሊቋቋም ነው ብሏል እኮ ሬዲዮው፣ እታለም» አለኝ ሳይቆጣ።

ጊዜው ለውጡ ገና ትኩስ የነበረበት ነው። እስረኛ ተፈታ፣ ከጎረቤት አገር ጋር እርቅ ወረደ፣ ሬዲዮ ያወራው ሁሉ ነገ የሚደርስ ይመስል ነበር። ሙዓዝ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበር። የጂኦግራፊ መምህርቱ ረቢያ ለእናታችን ለኡሙሰልማ «ይህ ልጅ ካርታ ላይ የሚያየው ሰማያዊውን ብቻ ነው፤ ተራራ ስጠይቀው አያውቅም» ብላ ከሳዋለች። ከአምባሰል ሥር ተወልዶ ተራራ የማያውቅ ልጅ እንግዲህ ምን ይባላል።

አሪፋ እባላለሁ። ሐይቅ ከተማ ከዋናው መንገድ ወደ ውሃው ሲወርዱ ዓሣ የምጠብሰው ሴትዮ እኔ ነኝ። ምላሷ መርዝ ነው ይሉኛል፤ አልክድም። ግን ደግሞ የሥራው ጠባይ ነው። በእኛ ዘንድ ዓሣ ሻጭ አስጋሪን አታመሰግንም። ታንኳ ሙሉ ቆሮሶ ዓሣ ይዞ ቢመጣ «ይህን ቅጠል ከየት ለቃቅመህ መጣህ?» ትለዋለች እንጂ፣ ማሻአላህ ብትል እንኳ በልቧ ነው። ምስጋና ዓይን ይጠራል፤ ዓይን ያረፈበት መረብ ባዶውን ይወጣል። ስለዚህ ጎበዙን እንሰድበዋለን፤ የምንወደውን ደግሞ አብልጠን።

እኔ አብልጬ የምሰድበው ዝናውን ነበር።

ዝናው የጎረቤታችን የአያ አሻግሬ አንድያ ልጅ ነው። እነሱ ክርስቲያን፣ እኛ እስላም ብንሆንም ውሃው አንድ፣ እድራችን ቅሬው አንድ፣ ቀባሪው አንድ ነው። አባታችን ሲሞት ሙዓዝን ታንኳ ላይ ያወጡት አያ አሻግሬ ናቸው። ሁለቱን ልጆች ያስተማሯቸው አንድ ነገር ነው፤ ሦስት ቀዝፎ ማረፍ። ሦስቴ ትቀዝፋለህ፣ መቅዘፊያውን ጉልበትህ ላይ ታስቀምጣለህ፣ ታንኳው በራሱ ሲንሸራተት ውሃውን ታዳምጣለህ። ዓሣው የት እንዳለ ይነግርሃል ይላሉ። የዝናው ዕረፍት ግን ከቀዘፋው ይረዝም ነበር። «አንተ ስልቻ! እንቅልፍህን ቤትህ አትጨርስም?» እያልኩ ከዳር እጮኻለሁ። እሱ በአፉ አይመልስም፤ መቅዘፊያውን ከራሱ በላይ አንስቶ ያሳየኛል። ሰላምታችን ይኸው ነበር።

ሙዓዝ አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰ የባሕር ኃይል መልማዮች ደሴ መጡ ተባለ። ሁለቱ ልጆች በአንድ ሚኒባስ ሄዱ። ዋና የሚችል ሲባል ሁለቱም እጃቸውን አወጡ፤ እንዲያውም በዋና የሚበልጠው ዝናው ነው። ነገር ግን ከስምንተኛ አቋርጦ አባቱን ለመርዳት ታንኳ ላይ የወጣ ልጅ ነውና ገና በሩ ላይ መለሱት። ብቻውን ሲመለስ «እንዴት ሆነ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ባሕሩ ጨው ነው አሉኝ፤ እኔ ደግሞ ጨው አልወድም» ብሎ ሳቀ። ሙዓዝን ቁመቱን ለክተው፣ ጥርሱንና ዓይኑን አይተው ተቀበሉት።

ሥልጠናው ቢሾፍቱ፣ እዚያም ሐይቅ ዳር ነበር። ከውሃ ወጥቶ ውሃ ገባ ብለን ደግሞ ሳቅን። በስልክ የሚነግረን ሌላ ዓለም ነው። ልብስ እንደለበሱ ከከፍታ መዝለል፣ ዓይን ተሸፍኖ ገመድ መቋጠር፣ በፉጨት መተኛት፣ በፉጨት መነሳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለእረፍት ሲመጣ ሳቃችን ቀነሰ። ልጁ ሌላ ሆኗል። ብርድ ልብሱን እንደ መጽሐፍ አጥፎ ያስቀምጣል፤ ሲበላ ጀርባው አይጎብጥም፤ ስጠራው «አቤት» ከማለቱ በፊት ቆሞ አገኘዋለሁ። ነጩን የደንብ ልብሱን እናቴ በእጇ አጥባ፣ አቧራ እንዳይነካው ቤት ውስጥ አስጥታ፣ እስኪደርቅ አጠገቡ ተቀምጣ ጠበቀችው። አያ አሻግሬ ሁለቱን ልጆች ይዘው ወደ ውሃው ወጡና እየሳቁ ተመለሱ።

«ይህ ልጅ መቅዘፍ ረስቷል» አሉኝ። «እንደ ሰዓት ነው የሚመታው። አያርፍ፣ አያዳምጥ። ዓሣው ተሰልፎ ሄደ።»

«እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፣ አያ» አለ ሙዓዝ አፍሮ። «አሠልጣኙ እየቆጠረ አስለምዶኛል። ስደነግጥማ ጭራሽ አይቆምልኝም።»

ጦርነቱ መጀመሪያ የሩቅ ወሬ ነበር። ከዚያ ወልድያ ደረሰ፣ ከዚያ ውጫሌ፤ የአምባሰል ገበሬ ልጁን አዝሎ ከብቱን እየነዳ በደጃችን ያልፍ ጀመር። እናታችን በዚያው ሰሞን በጠና ታመመች። ትሞታለች ተብሎ ሙዓዝ ጥቂት ቀን ተፈቅዶለት መጣ። እሷ ዳነች፤ መንገዱ ግን ተዘጋ። ወደ ደሴ ልሳፈር ብሎ ቦርሳውን ባነሳበት ጠዋት ታጣቂዎቹ ከተማችን ገቡ።

ቤት ለቤት ይዞሩ ነበር። ወጣት ሲያገኙ ሸሚዙን ያስወልቃሉ፤ ትከሻውን የጠመንጃ ማንገቻ ልጦት እንደሆነ፣ ክርኑና ጉልበቱ መሬት ለመሬት በመሳብ ጠቁሮ እንደሆነ ያያሉ። የወንድሜ ክርንና ጉልበት ጠቁሯል። ነጩን ልብስ በፌስታል ጠቅልዬ አመድ ጉድጓዱ ሥር ቀበርኩት፤ ጉልበት ግን አይቀበርም። ሙዓዝ ቆጡ ላይ ተኝቶ፣ ሳል ሲመጣበት አፉን በትራስ እያፈነ ከረመ። ከታች ሠፈር ሁለት ልጆች ተወሰዱ፤ የአንዱን አስከሬን ቅሬው እንዲቀብር እንኳ አልተፈቀደለትም። እናቴ ያን ቀን «ያ ረቢ፣ ወይ አውጣልኝ፣ ወይ እኔን ቀድመህ ውሰደኝ» ስትል ሰማኋት።

መውጫውን ያገኙት አያ አሻግሬ ናቸው። ታጣቂዎቹ ዓሣ ይፈልጋሉና አስጋሪ በቀን እንዲወጣ ፈቅደዋል፤ በጨለማ ውሃ ላይ የታየ ግን ይተኮስበታል። ሕጋቸው ቀላል ነው። ሁለት ሆኖ የወጣ ሁለት ሆኖ ይመለሳል፤ አንዱ ከጎደለ የተመለሰው ይጠየቃል፤ ጥያቄውም በአፍ ብቻ አይደለም። ዝናው በዚያን ጊዜ ከተማው ውስጥ አልነበረም። እነሱ ሲገቡ ከሐይቁ ማዶ፣ በአርዲቦ በኩል አክስቱ ፋና ዘንድ ስለነበር በዚያው ቀርቷል። ታጣቂዎቹ እዚያ አልደረሱም። ከዚያ ወዲያ በእግር ቁልቁል ወደ አፋር በረሃ፣ ወደ መንግሥት ጦር መውረድ ይቻል ነበር።

«ሙዓዝን ልጄ ዝናው ነው ብዬ ይዤው እወጣለሁ» አሉ አያ አሻግሬ። «ከማዶ እሱ ይወርዳል፣ ዝናው ይሳፈራል። ሹራብና ቆቡን ይቀያየራሉ። ሁለት ሄድን፣ ሁለት መጣን።»

«ልጅዎት ደህና ቦታ ነው ያለው፣ አያ» አለች እናቴ። «በየት አፌ ነው ወደዚህ እሳት ይመለስ የምለው?»

«እኔም አልልም። እሱ ይበል» አሉ።

ቃሉን ያደረሰችው አክስቱ ናት፤ ድንች ይዛ ገበያ መጥታ ሰምታ ሄደች። በሚቀጥለው ገበያ መልሱን አመጣች። ዝናው ያለው አንድ ቃል ነው፤ «እመጣለሁ።»

ሙዓዝ ግን እምቢ አለ። ቆጡ ሥር ቆሜ «ውረድና ተዘጋጅ» ብለው «በእኔ ፈንታ ሰው ወደዚህ አላስመጣም» አለኝ።

«እዚህ ቢያገኙህ አንተን ብቻ የሚገድሉ መሰለህ? እናትህን፣ እኔን፣ ቤቱን ነው። ዝናው ወታደር አይደለም፤ ቢፈትሹት ምንም አያገኙበትም። አንተን ግን ያገኙብሃል» አልኩት። እውነቴን ነበር። ዝናውን የሚነካው ነገር አልታየኝም፤ ለማንኛችንም አልታየንም።

የሄዱበት ጠዋት ውሃው ጸጥ ብሎ ነበር። እኔ እንደ ወትሮው ዘይቴን አግያለሁ። አጠገቤ ድንጋይ ላይ ባለ መነጽሩ ተቀምጧል። ስሙን አናውቀውም፤ ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር አንገቱ ላይ ስለሚያንጠለጥል እንዲያ እንለው ነበር። ውሃውን የሚጠብቀው እሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። አይሳደብም፤ «እህቴ» ነው የሚለኝ። ዓሣ መብላት አልለመደምና እሾሁን አውጥቼለት ነው የሚበላው። ይበልጥ የሚያስፈራኝ ጨዋነቱ ነበር።

አያ አሻግሬ ራቅ ካለው ሾላ ሥር ተነሱ። እሳቸው ከፊት መረቡ ላይ፣ ሙዓዝ ከኋላ፤ የዝናውን አረንጓዴ ሹራብ ለብሶ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ደፍቷል። ባለ መነጽሩ አንዴ አየና «ሁለት» አለ ለራሱ፤ ወደ ዓሣው ተመለሰ። እኔም ቢስሚላህ ብዬ አንድ ቆሮሶ ዘይቱ ውስጥ ጨመርኩ።

ቀና ስል አየሁት። መቅዘፊያው አያርፍም። ይነሳል፣ ይገባል፣ ይነሳል፣ ይገባል፤ እኩል፣ ንጹሕ፣ ጠብታ ሳይረጭ። ጀርባው ቀጥ ብሏል። ወንድሜ ፈርቷል፤ ሲፈራ ደግሞ እጁ የሚያውቀው የቢሾፍቱውን ነው። ሌሎቹ ታንኳዎች እያንቀላፉ ሲሄዱ የእሱ በመሐላቸው እንደ ተወጠረ ክር ይሄዳል። አያ አሻግሬ ሳይዞሩ አንድ ነገር ሲሉት ታየኝ፤ እሱ ግን አልሰማቸውም።

ባለ መነጽሩ ማኘኩን አቆመ። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ መነጽሩን አነሳ።

«ያ ልጅ ማነው?» አለኝ።

«የሽማግሌው ልጅ ነው። ዝናው።»

«የት ነው መቅዘፍ የተማረ?»

«እዚሁ ነዋ፤ የት ይማራል?»

«እዚህማ አይደለም» አለ መነጽሩን ሳያወርድ። «ሁለት ሳምንት አየኋችሁ። እዚህ ሰው እንዲህ አይቀዝፍም። ይህ በቆጠራ የተማረ ነው።» በግራ እጁ ጠመንጃውን ከድንጋዩ ላይ ወደ ጉልበቱ ሳበ። ታንኳው ገና ጥይት ከሚደርስበት አልወጣም።

ምን ብዬ እንደጸለይኩ አላውቅም፤ የደረሰልኝ ልማዴ ነው። ጭልፋዬን እንደያዝኩ ውሃው ጫፍ ድረስ ሄጄ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ።

«አንተ ዝናው! አንተ ስልቻ! ምን ያስቸኩልሃል፣ ሙሽራ ልታመጣ ነው? አባትህ ሦስት ቀዝፈህ እረፍ ብለው አላሳደጉህም? ዓሣውን አስደንብረህ ዛሬ ምኔን ልጠብስ ነው፣ ጫማዬን?»

የጠዋት ውሃ ድምፅን ሩቅ ያደርሳል። መቅዘፊያው አየር ላይ ቆመ። በሌሎቹ ታንኳዎች ያሉት አስጋሪዎች ሳቁ። ያ ልጅ ዝናው እንዳልሆነ አንድ በአንድ ያውቃሉ፤ ግን ልክ እንደ ወትሮው ሳቁ፣ አሏህ ይስጣቸው። ከዚያ ሙዓዝ መቅዘፊያውን ከራሱ በላይ አንስቶ አሳየኝ፤ ዝናው እንደሚያደርገው። አውርዶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ታንኳው በራሱ ተንሸራተተ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቀዘፈ። አረፈ።

«እናንተን ፈርቶ ነው» አልኩት ባለ መነጽሩን፣ ወደ እሳቴ ስመለስ። «የፈራ ሰው ሥራው ያምራል።»

መነጽሩን አወረደ። ጠመንጃውን ግን ወደ ድንጋዩ አልመለሰም። «ሲመለስ አየዋለሁ» አለ።

ያን ቀን ያህል የረዘመ ቀን አላየሁም። ታንኳው እያነሰ ሄዶ ከማዶ ሸምበቆ ውስጥ ገባ። ደረሰ ይሆን? ወረደ ይሆን? ማንን ልጠይቅ? ዓሣ አገላብጣለሁ፣ ሰው ይመጣል፣ እሰጣለሁ፣ እሰድባለሁ። ባለ መነጽሩ ከቦታው አልተነቃነቀም። «ዛሬ ዓሣሽ አርሯል፣ እህቴ» አለኝ አንዴ። «የናንተ ፍቅር ነው» አልኩት። ሳቀ።

ፀሐይ ወደ አምባሰል ስታዘነብል ታንኳው ታየ። ሁለት ሰው። ከኋላ ያለው ሦስቴ ይቀዝፋል፣ ያርፋል፤ ዕረፍቱም ከቀዘፋው ይረዝማል። አልሐምዱሊላህ፣ ወንድሜ ወጣ አልኩ። ወዲያው ደግሞ ይኼኛው ምነው ባልመጣ አልኩ። ሁለቱም ከአንድ ሆድ ነው የወጡት።

ባለ መነጽሩ ሁለት ጓዶቹን ጠርቶ ጠበቀው። ዝናው ገና ከታንኳው ሲወርድ ሹራቡን አስወለቁት። ትከሻውን ዳሰሱ፤ ምንም የለበትም። ክርኑንና ጉልበቱን አዩ፤ እንደ ማንም ሰው ነው። መዳፉን አገላበጡ፤ የመረብ ገመድ የበላው ነው። «እስኪ ቅዘፍ» አሉት። ተመልሶ ወጣ፤ ሦስቴ ቀዘፈና መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ራሱን አከከ። ጓዶቹ ሳቁ።

«ጠዋት እንዲህ አልነበረም» አለ ባለ መነጽሩ።

«ጠዋት አልደከመኝም ነበር፣ ጌታዬ» አለ ዝናው።

እሱም ፈገግ አለ። «ወታደር አይደለም» አላቸው ለጓዶቹ። አያ አሻግሬ ጎንበስ ብለው መረባቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

«ወታደር ብትሆን አንድ ጥይት ነበር የሚጠብቅህ» አለው ባለ መነጽሩ፣ በዚያው ለስላሳ ድምፁ። «ካልሆንክ ደግሞ ትጠቅመናለህ። ወደ ሰሜን የምንልከው ቁስለኛ አለ፤ ተሸካሚ ቸግሮናል። ክንድህ ብርቱ ነው፤ ጠዋት በዓይኔ አይቻለሁ።»

ያየው ክንድ የሙዓዝ ነበር።

ምን ይባላል? ያየኸው እሱን አይደለም ብንለው ሁላችንም አለቅን። አያ አሻግሬ የመረቡን ጫፍ እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። የእኔ አፍ ግን ዝም ብሎ አያውቅምና ተከፈተ። «ይህንን? ይህ እኮ የማይረባ ነው! እንቅልፋም ነው፣ ስልቻ ነው። ቁስለኛችሁን ገደል ነው የሚከተው፣ ወላሂ!»

ባለ መነጽሩ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ላይ ክፋት አልነበረም። «እህቴ» አለኝ፤ «ሁለት ሳምንት ሙሉ አጠገብሽ ተቀምጬ ሰምቼሻለሁ። አንቺ የምትሰድቢው ጎበዙን ነው።»

ዝናው ሹራቡን ለበሰ። ጎንበስ ብሎ የአባቱን ጉልበት ሳመ። ወደ እኔ አልተጠጋም፤ ካለበት ሆኖ «አሪፋ፣ ዓሣውን ቶሎ በልቺው፤ ፀሐይ መቶታል» አለኝ። ከዚያ በመሐላቸው ሆኖ ወደ ዋናው መንገድ፣ በውጫሌ አቅጣጫ ወጣ። እወደው ነበር። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለእሱም ከስድብ በቀር በሌላ ቋንቋ አልነገርኩትም። ዓሣውን እንዳለኝ በለትኩት።

ታኅሣሥ ሳይጋመስ ከተማው ነፃ ወጣ። ከተሸካሚዎቹ የተመለሱ ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ኑርዬ ዝናውን አምባሰል አቀበት ላይ ከፊቱ ቃሬዛ ተሸክሞ ሲሄድ አይቶታል፤ ከዚያ ጭጋግ ወርዶ ለያቸው። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። የዝናው እናት ለተብርሃን ግሸን ማርያም ወጥታ ተሳለች፤ እናቴም ዱዓዋን አላቋረጠችም። ቅሬው ለቅሶ እንቀመጥ ቢል አያ አሻግሬ «ያልቀበርኩትን አላለቅስም» ብለው መለሱት። ታንኳቸውን ግን ዳር አውጥተው ገለበጡት።

ሙዓዝ በረሃውን አቋርጦ የጦር ክፍሉ ደርሶ ነበር። የዝናውን ነገር የነገርኩት የስልክ መስመር ሲመለስ ነው። ባለ መነጽሩ ያለውን ሁሉ ነገርኩት። «ክንድህ ነው ያለው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ስልክ በደወለ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እናታችን ጤና አልነበረም።

ሥልጠናውን ጨርሶ፣ ማዕረግ አድርጎ የመጣው በዓመቱ ነው። ነጩን ልብስ ለብሶ ከባጃጅ ሲወርድ ልጆች ከበቡት። ላም አለኝ በሰማይ ያለው የለም፤ እኔም አላልኩም። ቤት አልገባም። ቀጥ ብሎ አያ አሻግሬ ወደተቀመጡበት፣ የተገለበጠው ታንኳ አጠገብ ሄዶ ፊታቸው ቆመ።

ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩት። እጅጌውን በሁለት ጣታቸው ነካ አድርገው «ይቆሽሻል» አሉ።

«ይቆሽሽ፣ አያ» አለ።

ታንኳውን አብረው አቀኑት። አያ አሻግሬ ከፊት፣ ፊታቸውን ወደ ማዶ አድርገው፣ ጀርባቸውን ለልጁ ሰጥተው ተቀመጡ። ሙዓዝ ከኋላ፣ ዝናው ይቀመጥበት በነበረው። የመጀመሪያዎቹ ቀዘፋዎች እኩል ነበሩ፤ የባሕር ኃይል ነበሩ። ሽማግሌው ሳይዞሩ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። መቅዘፊያው ቆመ። ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ዕረፍት። ረጅም ዕረፍት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ዕረፍት። ጀርባውን የሰጠ ሰው የሚሰማው የውሃውን ድምፅ ብቻ ነው። የአያ አሻግሬ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ከዳር ሆኜ አየሁ።

እኔም ሳላስበው ውሃው ጫፍ ደርሼ ነበር። «አንተ ስልቻ!» ብዬ ጮህኩ። «እንቅልፍህን ቤትህ አትጨርስም?»

ሙዓዝ ሰምቶኛል፤ ቀና ብሎ አይቶኛል። መቅዘፊያውን ግን ከራሱ በላይ አላነሳውም። ያንን ለባለቤቱ ትቶለታል።